ከመማሪያ ክፍል እስከ ችሎት ደጃፍ፦ የሕግ ትምህርት ቤቶች ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅማሉ?

በወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ወይም ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚቀመጡትን ራፖር ጸሐፊዎች የማያውቅ ባለጉዳይ የለም። ክስ የሚመሠርት፣ መልስ የሚሰጥ፣ ይግባኝ የሚጠይቅ ሁሉ ጉዳዩን ለእነርሱ ይነግራል፤ እነርሱም አስከፍለው ይጽፉለታል። በአንዳንድ ከተሞች ግን ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ወይም ከዚያው ግቢ ውስጥ ሌላ በር አለ። በላዩ ላይ የዩኒቨርሲቲ ስምና "ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫ ማዕከል" የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ይህን በር አይቶ የሚያልፈው ባለጉዳይ ጥቂት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የተማሪና የመምህር ቦታ እንጂ የድንበር ክርክር ያለበት አርሶ አደር የሚገባበት አይመስልምና።

የሕግ ትምህርት ቤቶች ስም በዜና የሚነሳው ብዙውን ጊዜ አንድ መምህር የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሲያገኝ፣ የጥናት መጽሔት ሲታተም፣ ተማሪዎች በምስለ ችሎት ውድድር ዋንጫ ይዘው ሲመለሱ ወይም ምሩቃን ካባ ለብሰው ሲመረቁ ነው። በአማራ ክልል ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ወሎና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ ሕግ የሚያስተምሩ ተቋማት አሉ። እነዚህ ስኬቶች ከገበሬው ማሳና ከከተማው ነዋሪ ቤት ጋር ምን ያገናኛቸዋል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት የሕግ ትምህርት በአገሪቱ እንዴት እንደተጀመረ ማየት ይረዳል።

በቀድሞው ዘመን ሕግ የሚማረው በቤተ ክህነት ነበር። ፍትሐ ነገሥትን ከነትርጓሜው የሚያውቁ ሊቃውንት በነገሥታቱ ችሎት እየተገኙ አንቀጽ ይጠቅሱ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ ሙግትን በአደባባይ ተምሯል። "ተጠየቅ" እየተባባሉ በዛፍ ጥላ ሥር የሚሟገቱትን ተከራካሪዎች ሰምቶ ያደገ ልጅ፣ ጥያቄ አቀራረብንና ምስክር አቆጣጠርን ከጆሮው ነው የሚያገኘው። "በሕግ አምላክ!" ሲባል ጠበኛ ባለበት የሚቆምበት አገር ስለሆነ፣ ሕግን ማክበር ከውጭ የመጣ ትምህርት አልነበረም።

ከውጭ የመጡት የሕግ መጻሕፍቱ ናቸው። ከ1949 እስከ 1958 ዓ.ም ባሉት ዓመታት የወንጀለኛ መቅጫው፣ የፍትሐ ብሔሩ፣ የንግዱና የባሕሩ ሕግ እንዲሁም ሁለቱ የሥነ ሥርዓት ሕጎች ታወጁ። የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የወንጀለኛ መቅጫውን ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ነበሩ። የፍትሐ ብሔሩ ረቂቅ መጀመሪያ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ሲሆን ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት አገሪቱ ከሦስት ሺህ በላይ አንቀጽ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲኖራት፣ ያንን ሕግ በትምህርት ቤት ተምሮ የሚዳኝና የሚከራከር ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነበር።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በዚህ መካከል፣ በ1956 ዓ.ም ነው። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። መምህራኑ ሲገቡ የሚያስተምሩበት የኢትዮጵያ ሕግ መጽሐፍ አልጠበቃቸውም፤ ስለዚህ እያስተማሩ ጻፉ። ሮበርት ሴድለር ስለ ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት፣ ስታንሊ ፊሸር ስለ ወንጀል ሥነ ሥርዓት፣ ፊሊፕ ግራቨን ስለ ወንጀለኛ መቅጫው፣ ጆርጅ ክርዜቹኖቪች ከውል ውጭ ስለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት ያዘጋጇቸው መጻሕፍት የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትም መታተም የጀመረው ፋኩልቲው በተከፈተበት ዘመን ነው፤ ጽሑፎችንና የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣ ነበር። አባ ጳውሎስ ጻድዋ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትን ፍትሐ ነገሥትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ያሳተመው ይኸው ፋኩልቲ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያገለግሉ ስለነበር፣ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ ውጭም ይታይ ነበር።

ይህ ሁሉ ለሊቃውንት ብቻ የተሠራ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የወረዳ ዳኛ ጎረቤቱ ድንበሩን የገፋበትን አርሶ አደር ጉዳይ ሲያይ አንቀጹን የሚተረጉመው በተማረበት መንገድ ነው። መምህሩ በጻፈው መጽሐፍ አንድ አንቀጽ በትክክል ከተብራራ፣ መጽሐፉን አይቶት የማያውቅ ገበሬ ይጠቀማል። ከተሳሳተም ይጎዳል።

በዛሬው ጊዜ በርካታ የሕግ ትምህርት ቤቶች የየራሳቸው የጥናት መጽሔት አላቸው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲና የቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ መጽሔቶች ከሚታወቁት መካከል ናቸው። በእነዚህ መጽሔቶች መምህራን ከሚሠሯቸው ሥራዎች አንዱ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ላይ ትችት መጻፍ ነው። ከ1997 ዓ.ም ወዲህ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰየመ የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልም ሆነ የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አዲስ አበባ ላይ በአንድ የውርስ ወይም የመሬት ጉዳይ የተሰጠ ትርጉም ጎጃም ወይም ወሎ ባለ የወረዳ ችሎት ላይም ይሠራል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ውሳኔ ስህተት ሲኖርበት በጽሑፍ አሳይቶ "ይታረም" የሚል ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ ይህን በነፃነት ለማድረግ ከመምህሩ የተሻለ ቦታ ያለው ጥቂት ነው።

ችግሩ ቋንቋው ላይ ነው። የሕግ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥናቱም በአብዛኛው የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነው። የክልሉ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የሚሠሩት በአማርኛ ነው። አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረ ወጣት የመጀመሪያውን የክስ ማመልከቻ ሲያረቅ "ይርጋ"፣ "ቀዳሚ መቃወሚያ"፣ "ጣልቃ ገብ" የሚሉትን ቃላት እንደ አዲስ ይለማመዳል። ሃያ ዓመት በመሬት ጉዳይ የተመላለሰ አንድ አዛውንት ይርጋ ምን እንደሆነ ከተማሪው ቀድሞ ቢያስረዳ አይገርምም። መምህራን በብዙ ድካም የደረሱበትን የጥናት ውጤት በአማርኛ አሳጥሮ ለዳኞች፣ ለመሬት አስተዳደር ባለሙያዎችና ለሕዝቡ ማድረስ እንደ ትርፍ ሥራ መታየቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለው ሕይወት ከውጭ እንደሚታሰበው በመጽሐፍ ላይ ማፍጠጥ ብቻ አይደለም። ተማሪዎች በምስለ ችሎት ከሳሽ፣ ተከሳሽና ዳኛ እየሆኑ ይሟገታሉ፤ መምህራንና አንዳንዴም የፍርድ ቤት ዳኞች ይመዝኗቸዋል። በአገር አቀፍና በአህጉር ደረጃ የሚካሄዱ ውድድሮችም አሉ። የቀድሞውን የ"ተጠየቅ" ሙግት የሚያስታውስ አባት ይህን ቢያይ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ተማሪው በግጥምና በምሳሌ ፈንታ አንቀጽና የሰበር መዝገብ ቁጥር መቁጠሩ ነው። የመውጫ ፈተናም ሌሎች የትምህርት መስኮች በ2015 ዓ.ም ከመጀመራቸው ዓመታት በፊት በሕግ ትምህርት ይሰጥ ስለነበር፣ የመጨረሻው ዓመት በቡድን ጥናት የሚያልፍ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች የገበሬ ልጆች ናቸው። ለእረፍት ወደ ቤት ሲመለሱ የጎረቤት የውሳኔ ግልባጭ ከመሶብ ሥር ወጥቶ "እስኪ ይህን አንብብልን" መባላቸው የተለመደ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በተደረገው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ የተግባር ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ተማሪው በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግ ወይም በሌላ የፍትሕ ተቋም ተመድቦ ይሠራል፤ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከልም በመምህር ክትትል ሥር ባለጉዳይ ያስተናግዳል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር ማዕከላቱ በየአካባቢው እንዲከፈቱ ድጋፍ አድርጓል።

የማዕከሉ ሥራ በሦስት ደረጃ ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ምክር ነው፤ ብዙው ጉዳይ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ባለጉዳዩ መብት እንዳለው ወይም እንደሌለው ይነገረዋል። "መብት የለህም" መባልም ጥቅም አለው፤ በማይረታ ሙግት በሬ ከመሸጥ ያድናልና። ሁለተኛው ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝና የአፈጻጸም አቤቱታ መጻፍ ነው። ሦስተኛው በችሎት ቆሞ መከራከር ሲሆን፣ ይህ በማዕከሉ አቅምና በጉዳዩ ክብደት ይወሰናል። ቅድሚያ የሚሰጠው አቅም ለሌላቸው ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና በማረሚያ ቤት ላሉ ሰዎች ነው።

ይህ አሠራር በተጨባጭ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት አለች እንበል። በሬም የሚያርስ ጉልበትም ስለሌላት መሬቷን ለጎረቤት የእኩል ትሰጣለች። ውሉ በቃል ነው፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ ማንም ወረቀት አልፈለገም። ከስድስት ዓመት በኋላ ምርቱ ይቀራል። ስትጠይቅ ጎረቤቷ "መሬቱን ሰጥተሽኛል" ብሎ የጣት አሻራዋ ያረፈበት ወረቀት ያወጣል። እርሷ ማንበብ አትችልም፤ አሻራውን ያደረገችው የማዳበሪያ ብድር መስሏት ነው።

ይህች እናት ለራፖር ጸሐፊ የምትነግረው ስለ ደረሰባት በደል፣ ስለ ባሏ ደግነትና ስለ ጎረቤቷ ክህደት ሊሆን ይችላል፤ ማመልከቻውም በዚሁ ይሞላል። በማዕከሉ የተቀመጠው ተማሪ ግን ከታሪኩ ውስጥ ሕግ የሚፈልጋቸውን ነጥቦች መለየትን ተምሯል። በመጀመሪያ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ "ገዝቻለሁ" የሚል ክርክር ከመነሻው አይቆምም። ሁለተኛ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው በወረቀት ላይ ያኖረው የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሦስተኛ፣ በመሬቱ ላይ የተላለፈ መብት ካለ በወረዳው መሬት አስተዳደር መዝገብ ላይ መታየት አለበት፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በማን ስም ነው? ተማሪው እነዚህን ጠይቆ፣ የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 አገላብጦ ረቂቁን ለመምህሩ ያሳያል። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ግማሹን ይሰርዛል። ይህ ስረዛ የፈተና ማረሚያ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ወረቀት ላይ ያለው የአንዲት ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው።

ማዕከሉን ከሁሉ በላይ የሚያቅተው የዘገየ ባለጉዳይ ነው። ይኸው ጉዳይ በወረዳ ፍርድ ቤት ታይቶ በእናቲቱ ላይ ተፈርዶ ቢሆንና ማዕከሉን ያገኘችው ከአራት ወር በኋላ ቢሆን ነገሩ ይከብዳል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ጊዜው ካለፈ የዘገየችበትን በቂ ምክንያት ማስረዳት ይኖርባታል፤ "ሕግ አላውቅም ነበር" የሚለው ምክንያት ደግሞ ብዙ ርቀት አይወስድም።

ለአርሶ አደሩ ቤት ቅርብ የሆኑ ሌሎች የጊዜና የማስረጃ ደንቦችም አሉ። የሰው ከብት ሰብል ከበላ ወይም ከረገጠ ባለቤቱ ከብቱ አምልጦትም ቢሆን ይጠየቃል፤ ካሣው ግን በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ከውል የሚነሳ ጥያቄ በአጠቃላይ ደንቡ አሥር ዓመት አለው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት በምስክር አይረጋገጥም፤ በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ብቻ ነው። ይህ መጠን በ1952 ዓ.ም ሲወሰን 500 ብር ጥማድ በሬ ከነትርፉ የሚገዛ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለበዓል ዶሮ እንኳ ላይበቃ ይችላል። ሕጉ ግን እንዳለ ነው፤ ስለዚህ "ሦስት ሽማግሌ እያየ ነው ያበደርኩት" የሚል አበዳሪ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጽሑፉም በተዋዋዮችና በሁለት ምስክሮች ፊርማ ሊደገፍ ይገባል።

የዳኝነት ክፍያ የሚያሳስበውም መፍትሔ አለው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ አቅም የሌለው ሰው ክፍያውን ሳይከፍል ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ለዚህ የንብረቱን ሁኔታ ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት አለበት፤ በተግባር የቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይጠየቃል። በወንጀል ለተከሰሰ አቅም ለሌለው ሰው ደግሞ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ስለሚያዝ፣ በፍርድ ቤት የሚገኘውን ተከላካይ ጠበቃ መጠየቅ ይቻላል።

ነፃ አገልግሎት የዩኒቨርሲቲዎች ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሴቶች ይህንኑ ሲሠራ ቆይቷል። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት የወጡ ሲሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመዋል። ለጠበቆችም ቢሆን በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ማገልገል የሙያ ግዴታቸው ነው።

የዩኒቨርሲቲ ማዕከላት ድክመትም ሊነገር ይገባል። የመምህር የማዕረግ እድገት በዋናነት የሚለካው ባሳተመው ጥናት ነው፤ ለአንዲት እናት ይግባኝ ጽፎ ያደረ መምህር በዚያ ሚዛን ብዙ አይመዝንም። በፕሮጀክት ገንዘብ የቆመ ማዕከል ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይዳከማል። በክልሉ ባጋጠመው የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋም ወደ ወረዳ የሚወጣ ተማሪና ወደ ከተማ የሚገባ ባለጉዳይ እኩል ይታገዳሉ። የትምህርት ዘመኑና የእርሻው ወቅት አለመገጣጠምም አንድ ችግር ነው። የድንበር መግፋት ጠብ የሚበዛው ሞፈርና ቀንበር በሚወጣበት በክረምቱ መግቢያ ነው፤ ተማሪዎች በአብዛኛው የሚበተኑትም በዚያው ሰሞን ነው። ማዕከላቱ ለክረምት ቋሚ ባለሙያ ቢመድቡ ከአንድ ተጨማሪ ዓውደ ጥናት ይልቅ ይጠቅማሉ።

ሕጉም አንድ ቦታ አይቆምም። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 በ2016 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ከአሮጌው አዋጅ ጋር የለመደ ባለጉዳይም ሆነ ራፖር ጸሐፊ የተለወጠውን ማወቅ ስለሚኖርበት፣ ማዕከላቱ ከሚጠበቅባቸው ሥራ አንዱ ይህንን በገበያና በጉባኤ ቀን ለሕዝቡ ማስረዳት ነው።

ወደ ማዕከል የሚሄድ ባለጉዳይ የይዞታ ደብተሩን ወይም ቅጂውን፣ ውል ካለ ውሉን፣ የታወቂያ ወረቀቱን፣ የቀበሌውን የድህነት ማስረጃና የምስክሮቹን ሙሉ ስም ከነአድራሻቸው ይዞ ቢቀርብ ምልልስ ይቀንስለታል። ጉዳዩ አስቀድሞ በሽማግሌ ታይቶ ከሆነ የሽማግሌዎቹን ጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት ታይቶ ከሆነ ደግሞ የውሳኔውን ግልባጭ መያዝ አለበት። መጥሪያ የደረሰው ሰው መጥሪያውን በተቀበለ ማግስት ቢመጣ ይመረጣል፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል።